ከኖራው መስመር ወዲህ

ሐሙስ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር

ለምሳሳልህ የበኩር ልጄ፣

እንዴት ነህ? ብርዱን ለመድከው? የላክልኝን ሹራብ ለብሼ ነው የምጽፍልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይነጫነጫል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለኝም። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ቀናት አልፈዋል። እጄ ቀስ ስለሚል ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ሳልመርጥ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን የዚያን ሰውዬ ነገር ሳነሳ ዝም ትላለህ፣ ከዚያ «መስመሩ ተቆረጠ» ትለኛለህ። መስመር ሲቆረጥና ሰው ሲዘጋ ድምፁ አንድ አይደለም፣ ልጄ። ደብዳቤ ግን እንደ ስልክ አይዘጋም።

ነገሩ ስለ ነጭ ጫማ ነው። አሁን ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ልትከተው እንደሆነ አውቃለሁ። ተው፣ አንብብ። ከመሀል ካቆምክ የምትፈራውን ብቻ አንብበህ ትቀራለህ፤ የሚጠቅምህ ያለው ወደ ታች ነው።

ተቋራጩን ሳይት ላይ ነጭ ጫማ ያላችሁት እናንተ ሠራተኞቹ ናችሁ፣ ጭቃ ነክቶት ስለማያውቅ። አሁን ሰፈሩም ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራው። ይህ ሰው ከቤታችን ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ የመኖሪያ መንደር ልሥራ ብሎ ለማዘጋጃ ቤት ዕቅድ አስገባ። አዎ፣ ያው ተዳፋት። ጅረቷ የምትወርድበት፣ ታናሽህ በአንድ ዝላይ ሲሻገራት አይተህ «ፌንጣ» ያልክበት። ከዚያ ወዲያ ፌንጣ ሆኖ ቀረ፤ እኔ ያወጣሁለትን ስም የሚያስታውስ ከእኔና ካንተ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አሁን አዲስ ሕግ ወጥቷል። መንደር ሲታቀድ ገምጋሚ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ከኮሚቴው አንዱ የግድ የአካባቢው ነዋሪ መሆን አለበት። ለምርጫ ስንሰበሰብ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሰው በቅጡ ሳይቀመጥ ተነሥታ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ እሷ ትሁን፣ ይህን ሰውዬ ከሷ አብልጦ የሚጠላ ካለ እጁን ያውጣ አለች። ሰው ሳቀ። ከዚያ ለምን እንደምጠላው ትዝ አለውና ዝም አለ። እጁን ያወጣ አልነበረም። ሌላው ሰው በዕውቀቱ ይመረጣል፣ እኔ በጥላቻዬ ተመረጥኩ። አላፈርኩበትም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ፌንጣን ከቀበርን ወዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሰውዬው ያስቆፈረው ያ ቦይ ፌንጣ ላይ ከተደረመሰ በኋላ ለሱ ትልቅ ሥራ የሚሰጠው አልተገኘም። ይህ መንደር ስሙን የሚያጥብበት ሳሙናው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳሙናውን ከእጁ ላይ የምጥልበት ቀን መጣልኝ። ቃሉን ስለማመድ ሰነበትኩ። ሳህን ሳጥብ «አልስማማም» እላለሁ። አልጋ ሳነጥፍ «አልስማማም» እላለሁ። እያጣጣምኩ ነበር የምለው።

ችግሩ፣ ዕቅዱ ጥሩ ሆኖ ተገኘ።

ምን ያህል እንዳናደደኝ አትጠይቀኝ። የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ ቀጭን ልጅ ናት፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ የምትረሳ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጠርዙ እንዳይጠቀለል ስልኮቻችንን ጫነችበት። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ድሮ ቢሆን ተዳፋቱ ከላይ እስከ ታች እኩል እኩል ተሸንሽኖ ለየቤቱ ይታደል ነበር፣ ጅረቷም ቱቦ ውስጥ ትገባ ነበር። በዚህኛው ግን ቤቶቹ ታች፣ ድሮ የታረሰው መሬት ላይ ተጠጋግተው ይሠራሉ። የየቤቱ ግቢ ያንሳል። በምትኩ ከተዳፋቱ የሚበልጠው ክፍል ከነዛፉ፣ ከነሣሩ፣ ከነጅረቱ እንዳለ ይቀራል። የማንም አጥር አይገባበትም፣ ሁሉም ይሄድበታል።

ስህተት ፈለግሁ። ጎርፉ በየት ይወርዳል አልኳት፣ አሳየችኝ። የእሳት አደጋ መኪና በየት ይገባል አልኳት፣ አሳየችኝ። እንዲያው አንድ እንከን ባገኝለት ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ ሁሉ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። በመጨረሻ፣ ይህ ዕቅድ ቢወድቅ መሬቱ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። መሬቱ ወደ ከተማው ተመልሶ ለሚቀጥለው አመልካች ይሰጣል፣ የሚቀጥለው ደግሞ ዛፍ ላይወድ ይችላል አለችኝ።

ነጭ ጫማ ዛፍ ወድዶ እንዳይመስልህ። ዕቅዱን የሠሩለት ሌሎች ናቸው፤ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው ቶሎ ያልፋል ሲሉት ይሁን ያለ ነው። ከክፉ ሰው እጅ ጥሩ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላስተማረኝም።

ቀጥሎ አንተ የምታውቀውን ልጽፍ ነው፣ ታገሠኝ። ቦዩ የተደረመሰ ጊዜ አጣሪዎቹ ሰውዬውን ጠየቁት። የቦዩን ግድግዳ መደገፊያ እንጨት የጠየቀኝ የለም፣ ፎርማኑ በራሱ ሥልጣን ነው ሰው ያስገባው አለ። ፎርማኑ አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ሁለት እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ ተቀመጥክ እንጂ አንድ ቃል አልመለስክላቸውም። ወንድሙን በቀበረ በሳምንቱ ሰው ምን ይመልሳል? ዝምታህን እንዳመንክ ቆጠሩትና «የፎርማኑ ቸልተኝነት» ብለው ዘጉት። ያንን ይዘህ ከአገር ወጣህ። እዚህ ቤት አንድ ሰው ሞቶ ሁለት አልጋ ባዶ ቀረ።

እንጨት እንደጠየቅህ አውቅ ነበር። እራት ላይ ለፌንጣ ስትነግረው ሰምቻለሁ። የእናት ቃል ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። ስለዚህ ከሰውዬው ከሁሉ አስቀድሞ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የዋሸበትን አፍ ከፍቶ፣ በዚያው አፍ እውነቱን እንዲናገር። ስምህ ከዚያ ወረቀት ላይ ካልተነሣ አንተ ወደዚህ ቤት እንደማትመለስ አውቃለሁ። አልነገርከኝም፣ ግን አውቃለሁ።

አሁን ስለ ኖራው ልንገርህ፣ ነገሩ ሁሉ የዞረው በሱ ነውና። ከዚህ በፊት ወረቀት ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ «የተጠበቀ ቦታ» የተባለው ሁሉ ውሎ አድሮ ቤት ሲበቅልበት ስለታየ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ማመን ትቷል። ኮሚቴው በእግሩ ይሄዳል። የሚጠበቀው ቦታ ድንበር ላይ ያሉትን ዛፎች የነዋሪው ተወካይ በገዛ እጁ ኖራ ይቀባቸዋል። ያልተስማማ ተወካይ ብሩሹን ያስቀምጣል፣ መስመሩም ሳይገጥም ይቀራል። የመጨረሻው ዛፍ ተቀብቶ መስመሩ ከገጠመ ግን ነዋሪው ተስማማ ማለት ነው፣ አለቀ። ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ስብሰባ ያለቀውን ለማንበብ ብቻ ነው። ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት በዕቅዱ አስቀድመው ተስማምተው ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

በቀጠሮው ጠዋት ቦት ጫማ አድርጌ ወጣሁ። የቱን እንደሆነ ታውቃለህ። ከፌንጣ እግር አውልቀው በላስቲክ ጠቅልለው ያመጡልኝን፣ የሰውዬው ድርጅት ምልክት ጎኑ ላይ ያለበትን። ለእኔ ሰፊ ስለሆነ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበታለሁ።

ነጭ ጫማም መጥቶ ነበር። መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል፣ መስኮቱ እስከ ላይ ተዘግቷል፣ እሱ ውስጥ ሆኖ ስልክ ያወራል። ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። መሐንዲሷ ሄዳ አብረውን አይሄዱም ወይ ስትለው ቀያሹን ልኬላችኋለሁ አላት። ቀያሹን ታስታውሰዋለህ፣ ያ ባርኔጣውን ወደ ኋላ የሚደፋው። አሁንም እሱው ጋ ይሠራል። ሰላም ሊለኝ ሲጠጋ ዓይኑ ቦቱ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ባልዲውን ተቀብሎኝ ተሸከመልኝ እንጂ ቀና ብሎ አላየኝም።

መኪናውን ስመለከት ያ ቀን ትዝ አለኝ። ሰውዬው ያን ጊዜም ወደ ቦዩ ወርዶ አላየም፣ ጠርዙ ላይ ቆሞም አላየም። ያን ጊዜም መኪና ውስጥ ነበር።

እየቀባሁ ሄድኩ። እጄ ይሠራል፣ ልቤ ግን ገና አልወሰነም። የመጨረሻው ዛፍ ጅረቷ ዳር ያለው ነው፣ ሥሩ ውሃው ላይ የተንጠለጠለው፣ ፌንጣ ለመዝለል የሚንደረደርበት። እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ። መሐንዲሷ ሰዓቷን አላየችም፤ ለዚህ እወዳታለሁ። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጥዬ ብመለስ ሰውዬው አበቃለት። ያን ያህል ቅርብ ነበር፣ ልጄ። አፌ ውስጥ ያቺ የተለማመድኳት ቃል ተዘጋጅታ ቆማለች። ግን የሚቀጥለው አመልካች መጥቶ ያንን ዛፍ ሲቆርጥ ታየኝ። ጅረቷን ቱቦ ውስጥ ሲከት፣ ለቱቦው ደግሞ ቦይ ሲያስቆፍር፣ ቦዩ ውስጥ የሌላ እናት ልጅ አካፋ ይዞ ሲቆም ታየኝ።

ቀባሁት። ቀያሹ በኋላ፣ «ዛፉን በጥፊ የሚመቱት ነበር የመሰለኝ» ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ አስጨመርኩ። ታች ቤቶቹ በሚሠሩበት ቦታ መደገፊያ እንጨት ሳይገባ ማንም ቦይ ውስጥ እንዳይወርድ፣ የነዋሪው ተወካይም በፈለገ ሰዓት መጥቶ ሥራ ማስቆም እንዲችል። መሐንዲሷ እዚያው ቆማ ጻፈችው። ተወካይዋ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት የት የምውል ይመስልሃል? ወንበሬን ይዤ ነው የምሄደው።

መስመሩ እንዲህ ገጠመ። ሰውዬው ግን ከመኪናው አልወረደም፣ ሕጉንም አንብቦ አያውቅም። ለሱ ነገር የሚያልቀው ቢሮ ውስጥ ነው። ሲመለሱ ሴትዮዋ እንዴት ነበረች ብሎ ቀያሹን ጠየቀው። ቀያሹም ተናድዳ ነው የሄደችው አለው። ውሸት አይደለም።

በማግስቱ ቤቴ መጣ። ደጃፋችን ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ጫማው አልቆሸሸም። ወንበር ሰጠሁት፣ ውሃ አልሰጠሁትም። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ጣሪያው ያፈሳል ወይ አለኝ። ከዚያ አንገቱን አቀርቅሮ ወደ መጣበት ጉዳይ ገባ።

«እማማ፣ ያንን ክፍት ቦታ በልጅዎ ስም ልንሰይመው አስበናል። መግቢያው ላይ በትልቁ ይጻፋል።»

«ማን ብለህ ነው የምትጽፈው?» አልኩት።

አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ስሙን አያውቀውም። ቤቴ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሊሰጠኝ ያሰበውን ስም አያውቀውም። ቢላዋው በየትኛው መሳቢያ እንዳለ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። እጄን ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት።

«የሞተውን ተወው» አልኩት። «ስለ ሕያው ልጄ እንነጋገር። ስብሰባው ላይ፣ ስለ ዕቅድህ ምንም ከመነበቡ በፊት፣ እንጨት ማን እንደጠየቀህ ተነሥተህ ተናገር። ያን ከተናገርክ በዕቅድህ ላይ ከእኔ አንዲት ተቃውሞ አትሰማም።»

አልዋሸሁትም። ተቃውሞዬ በዋዜማው በኖራ ተሸፍኗል፤ ቢናገርም ባይናገርም አይሰማትም ነበር። ያላልኩትን የሰማው እሱ ነው። ያለፈ ነገር ነው አለ፣ የተዘጋ ነው አለ፣ ማንን ይጠቅማል አለ። እኔ ዝም ብዬ አየሁት። ዝምታን ካንተ ነው የተማርኩት። ቢቸግረው ተነሣና በር ላይ ሲደርስ፣ በአጭሩ እናገራለሁ አለ። እንዳሻህ አልኩት።

አርብ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ልብስ ሰፊዋ የሰፈሩን ሰው ጠርታ ጠርታ ጉሮሮዋ ዘግቷል። ሰብሳቢው ጊዜ የለንም ብሎ ይጀምርና፣ ጊዜ እንደሌለን ሲያስረዳ ግማሹን ጠዋት የሚጨርስ ሰው ነው። ከማንበብዎ በፊት ተቋራጩ የሚናገሩት አላቸው አልኩት፣ ፈቀደ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ፣ እግሬን ዘርግቼ። ቦቱን አላጠብኩትም ነበር፣ ጭቃውም ኖራውም እንዳለ ነው። ነጭ ጫማ ተነሣ። መጀመሪያ ሰውን አየ፣ ከዚያ ቦቱን አየ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን የራሱን ምልክት አየ። ከዚያ በኋላ የሚያርፍበት ጠፍቶት ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተንከራተተ።

«ከአደጋው በፊት ፎርማኑ የመደገፊያ እንጨት ጠይቆኛል» አለ። «ደጋግሞ ጠይቆኛል። ሥራው እንዳይቆም፣ እንጨቱ በኋላ ይመጣል፣ አንተ ቀጥል ብዬዋለሁ። ለአጣሪዎቹ የሰጠሁት ቃል ትክክል አልነበረም።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው። አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ያስቸግረኛል፣ ይድገሙልኝ አልኩ። ጆሮዬ እንዴት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ደገመው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ። ከኋላ ያሉት አልሰሙ ይሆናል ብዬ ሦስተኛ ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ ሰብሳቢው ጊዜ የለንም አለ።

ከዚያ ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። የነዋሪዎች ተወካይ በመስክ ጉብኝቱ ዕለት የተጠበቀውን ቦታ ድንበር ቀብተው ስለጨረሱ፣ ዕቅዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ነጭ ጫማ ቀና አለ። ወደ ቀያሹ ዞረ። ቀያሹ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያሽከረክራል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው።

«አልጠየቁኝም፣ ጌታዬ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮዋ። እኔ አልሳቅኩም። ፊቱን ነበር የማየው። በነጻ እንደተናገረ ቀስ እያለ ሲገባው፣ ፊቱ አመድ ሲመስል፣ አንዲት ሳታመልጠኝ አየሁ። በቀል አያጠግብም ይላሉ። እኔ ጠግቤ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት፤ ያን ዕለት እራት እንኳ አላማረኝም።

በር ላይ ግን ጠብቆኛል። አሁን እማማ ማለቱ ቀርቷል።

«እንጨት ጠይቋል፣ እሺ» አለኝ። «ውረዱ ያላቸው ግን ማን ነው? እሱን ልጅሽን ጠይቂው።»

ትቼው አለፍኩ። አንተንም አልጠይቅህም። የምነግርህ ግን አለኝ።

ያ ቦት የፌንጣ አይደለም። ላስቲኩን የፈታሁ ዕለት ነው ያወቅሁት። የሱ፣ ያ ሶሉ የተቀደደው፣ የሠራተኞች ዕቃ ቤት ውስጥ ተገኝቶ ሌላ ቀን አመጡልኝ። ይኼኛው ተረከዙ በውጭ በኩል አልቋል፣ እንዳንተ አረማመድ። ለአጣሪዎቹ አልነገርኩም፣ ለማንም አልነገርኩም። ታች ውሃ ነበር፣ የሱ ቦት ደግሞ ያስገባ ነበር። እሱ ያንተን አጥልቆ ሲወርድ አንተ ከላይ በባዶ እግርህ ጭቃው ላይ ቆመህ ነበር። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ከዚህ ወዲያ ማወቅ የምፈልገው የለም።

መሐንዲሷ ቃለ ጉባኤውን ለአጣሪዎቹ ልካላቸዋለች፣ ጉዳዩንም እንደገና ከፍተውታል። ቃልህን ሊሰሙ ይፈልጋሉ። በዚህኛው ጊዜ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ አትቀመጥም፤ እኔ አጠገብህ እሆናለሁ። ዕቅዱ ጸድቋል፣ የሚወድቅ አይደለም። ሰውዬው ፈቃዱን ተነጥቆ መንደሩን ሌላ ቢሠራው ግን አላለቅስም።

ደግሞ ኖራ ዝናብ ሲመታው ይለቃል። ከክረምት በፊት መስመሩ እንደገና መቀባት አለበት፣ ያ የተወካዩ ሥራ ነው። የላይኞቹ ዛፎች ጋ ስወጣ ሁለቴ አንሸራቶኛል። ጉልበቴን ነግሬሃለሁ።

በሄድክበት ሁሉ ፈጣሪ ከእግርህ በታች ያለውን መሬት ያጽናልህ። የምትወርድበትን አያሳጣህ፣ የምትወጣበትንም አይዝጋብህ። ለነጭ ጫማም ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ ጠዋት ጠዋት ያንን ነጭ መስመርና ወንበሬን እያየ እንዲያረጅ።

የምትጠብቅህ
እናትህ

ቦቱን አሁን አጥቤ ከበሩ ኋላ አቁሜዋለሁ። ጨርቁንም ከውስጡ አውጥቼዋለሁ።